የሚካኤል ቀን ዝናብ

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ከሌሊት የጀመረው ዝናብ ሳያባራ ይወርዳል።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከደጃፉ አሥራ አምስት ርምጃ ርቆ፣ በሽቦ አጥር በታጠረች ጠባብ ሣር ላይ፣ የዝናብ መለኪያው ቆሟል፤ ቁመቱ እስከ ሰው ጉልበት የሚደርስ፣ አፉ ክብ የሆነ ግራጫ የቆርቆሮ ዕቃ ነው። መሪጌታ ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ሰዓት መሙላቱን ካረጋገጡ በኋላ ከመደቡ ሥር አንድ የላስቲክ ከረጢት ሳቡ፤ ከከረጢቱ ሠንጠረዥ የታተመባቸው ሁለት ወረቀቶች አወጡ፤ በመካከላቸው ያለውን ካርቦን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የዝናቡ ድምፅ ቤቱን ሞልቶት ነበር። መሪጌታ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሳቸው ነቅለው፣ ከዕለቱ ቀን ትይዩ፣ የዝናብ መጠን በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ቁም ጽሕፈት በለመደ እጃቸው፣ ዜሮ ጻፉ።

ፀደንያ ከጓዳው መግቢያ ላይ ቆማ ይህን አየች። ፀደንያ የመሪጌታ የእህት ልጅ ናት፤ ቡሬ ተወልዳ ያደገች፣ በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመቷን የጨረሰች። በዚህ ክረምት ወደ እናቷ ቤት አልገባችም። የትምህርት ክፍሉ ከዘጠና ተማሪዎች አራቱን መርጦ፣ ከመምህራን ጋር አጣምሮ፣ ክረምቱን ሙሉ እውነተኛ ጥናት እንዲሠሩ አስቀርቷቸዋል። ፀደንያና ቴዎፍሎስ የሚባል የክፍሏ ልጅ ለዶክተር አምለሰት ደረሱ። ዶክተር አምለሰት የሚያጠኑት ዝናብ ነው። በዞኑ ውስጥ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ወር በቀር አንድም ባዶ ቀን ያልተገኘበት የዚህ ደብር፣ የጉንድ ሜዳ ሚካኤል መዝገብ ብቻ ስለነበረ እርሱን መረጡ። ዝናቡን የሚለኩት አጎቷ መሆናቸውን የነገረቻቸው ፀደንያ ናት። «ሰባት ዓመት አንድ ቀን አልዘለሉም» ብላ ነበር፤ በኩራት።

ጥናቱም ውጤት አገኘ። የሰባቱ ዓመት ዝናብ በየቀኑ ተደምሮ በአማካይ ሲቀመጥ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ በሚከፋበት በክረምቱ እምብርት ላይ፣ በየዓመቱ በዚያው በቀናቸው የሚመለሱ ደረቅ ቀናት ታዩ። ግራፉን የሣለው ቴዎፍሎስ ነው፤ ግራፉ ጥርሱ የረገፈ ሚዶ ይመስላል። «የክረምት ምት» ብሎ ስም አወጣለት። ይህን የሚናገር አንድ ገጽ መግለጫ አዲስ አበባ ለሚደረግ ኮንፈረንስ ተዘጋጅቷል፤ የመቀበያው ጊዜ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። በመግለጫው ራስጌ ላይ ከሦስቱ ስሞች የፀደንያ ይቀድማል። ዶክተር አምለሰት መግለጫውን ለመላክ አንድ ነገር ብቻ አስቀርተዋል። «መሣሪያውን በእጅሽ ሳትነኪ ስለ መሣሪያው አትጽፊም፤ ሄደሽ ንኪውና ነካሁት በይኝ» ብለው፣ ጭቃውን ስለሚያውቁት፣ የራሳቸውን የላስቲክ ቦት ጫማ አዋሷት። ጫማው ለፀደንያ በሁለት ቁጥር ይሰፋል። ትናንት ማታ ደረሰች፤ መለኪያውን ነካች፤ ከአጥሩ ጋር ፎቶ አነሣችው። የቀራት ነገር ኔትወርክ ያለበት ቦታ ደርሳ አንድ ቃል መላክ ነበር።

«የኔታ» አለች፤ መሪጌታን ቤተሰቡም ሚስታቸውም የሚጠሯቸው እንዲሁ ነው። «እየዘነበ እኮ ነው።»

«አያለሁ።»

«ዜሮ ነው የጻፉት።»

«አልሰፈርሁትማ።»

«ለምን?»

መሪጌታ ዘወር ብለው አዩዋት፤ ዳዊት ደግሞ ሀ ሁ የጠፋውን ተማሪ የሚያዩበት አስተያየት ነበር። «ዛሬ ማነው?» አሉ።

መልሱ ከጓዳ መጣ። «ሚካኤል ነዋ! ማን ሊሆን ኖሯል?» አሉ ሚስታቸው እትዬ እማዋይሽ። «ምን እያስተማሯት ነው ይችን ልጅ?»

«በበዓል ቀን ጤፍ ይሰፈራል?» አሉ መሪጌታ።

«አይሰፈርም።»

«ጤፍ የማይሰፈርበት ቀን ውሃ ይሰፈራል? ሰጭው ደጅ ቆሞ እየሰጠ፣ አንች በብርጭቆ ስንት ሰጠኝ ብለሽ ትለኪበታለሽ? ነውር ነው ልጀ።»

«መጻፉስ?»

«መጻፍ ምን ሥራ አለው? መጻፍማ ጸሎት ነው።»

ፀደንያ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሐምሌ አሥራ ሁለት በፈረንጅ ጁላይ አሥራ ዘጠኝ ነው። ስልኳን አውጥታ ግራፉን ከፈተች፤ ከጁላይ አሥራ ዘጠኝ ላይ ጥርስ የለም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሄደች፤ ከዚያ ስልኩን ለመሪጌታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ምንነቱን ነገረቻቸው፤ ከፍ ያለው ብዙ ዝናብ፣ ዝቅ ያለው ጥቂት ዝናብ፣ ከታች የተጻፈው የፈረንጅ ቀን። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ፋሲካ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይነግራሉ። ጣታቸውን ዘረጉ።

«ይህች ክፍት ቦታ ስንት ላይ ናት?»

«ጁላይ አሥራ ሁለት።»

«አምስት፤ አቦ ናቸው። ይህችስ?»

«አሥራ አራት።»

«ሥላሴ። ቀጥይ።»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ዛሬ።»

«ሃያ ስድስት።»

«ገብርኤል፤ ቂርቆስም አብሮ ነው።»

«ሃያ ስምንት።»

«እመቤታችን» አሉና ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ደስ ብሏቸዋል። «በጣም ጥሩ ነው የሠራችሁት። አንድም አላጠፋችሁም።»

«ሃያ ሦስት ላይ ግን ዝናብ አለ» አለች ፀደንያ። ለምን እንደተከራከረች አላወቀችም።

«እሷ ኪዳነ ምሕረት ናት። በዚህ ደብር በነሐሴና በየካቲት እንጂ በየወሩ አንይዛትም።»

ዝናቡ ጥቂት ጋብ አለ። ፀደንያ አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር፤ በዓል የማይለኩ ከሆነ እሑድም አይለኩም፤ እሑድ ካልለኩ ግራፉ በየሰባት ቀኑ መጉደል ነበረበት፤ አልጎደለም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ጠየቀቻቸው። መሪጌታ በሰንበት እንደማይለኩ ነግረው፣ «ስንት ዓመት ነው የደመራችሁ?» አሉ።

«ሰባት።»

«እንግዲያማ ሰንበት ትዞራለች፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁሉም ቀን ላይ ትንሽ ትንሽ አጉድላ ታልፋለች፤ አትታይም። ሚካኤል ግን አይዞርም።»

ዶክተር አምለሰት ይህንኑ ነገር ለማስረዳት ሁለት ሳምንትና አንድ ሙሉ ሰሌዳ ፈጅቶባቸው ነበር። ፀደንያ ስልኳን ከእጃቸው ተቀበለችና፣ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረች። «የኔታ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ውሸት ሲጽፉ ነው የኖሩት ማለት ነው?»

በጓዳ የሚንኳኳው ዕቃ ቆመ። መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አጠፉት፤ ከኪሳቸው ከተቱት። አልተቆጡም። ተነሥተው ከአልጋው ራስጌ ያለውን ሳጥን ከፈቱና፣ መጻሕፍቱን ገለል አድርገው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቅል አወጡ፤ መጥተው ጉልበቷ ላይ አኖሩት። «አንብቢ» አሉ።

በየወሩ መጨረሻ ዋናው ወረቀት ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቢሮ ሲሄድ ከመሪጌታ ዘንድ የሚቀረው የካርቦን ግልባጭ ነበር። ሰማንያ አራት ወር፣ ሰማንያ አራት ቅጠል፣ በቅደም ተከተል። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ ዜሮ የለም፤ የበዓላቱ ረድፍ ባዶ ነው፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም በመርፌ ቁልፍ ተያይዞበታል። ደብዳቤው በሠንጠረዡ ውስጥ ባዶ ቦታ መተው ፈጽሞ ክልክል መሆኑን ያሳስባል። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ባዶ ቦታ የለም። ከእያንዳንዱ የበዓልና የሰንበት ዜሮ ትይዩ ግን፣ ከወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ፣ ማስታወሻ በሚለው ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ፣ በጥቃቅን ፊደል አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል፤ «በዓል ነው፤ አልተሰፈረም፤ በማግስቱ ተደምሯል።» ይህ ቃል በአንድ ወር ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል ይመላለሳል። በሰባት ዓመት ውስጥ መሪጌታ አንድም ጊዜ አላሳጠሩትም።

ፀደንያ ሦስተኛውን ዓምድ ከዚህ በፊት አይታዋለች። በሰኔ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በቢሮው ውስጥ፣ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ይሄይስ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ሰማንያ አራቱን ዋና ወረቀቶች በስልኳ ፎቶ ያነሣችው እርሷ ናት። ወረቀቱ ሰፊ ስለነበረ ስልኩን ከፍ ካላደረገች አይገባም፤ ከፍ ካደረገች ቁጥሩ አይነበብም። ዶክተር አምለሰት የጠየቁት ቀኑንና መጠኑን ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ጽሑፍ ነፋስ ነበረ፣ ደመና ነበረ የሚል መስሏት፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋ ቆረጠችው። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አቶ ይሄይስ «ጎበዝ ነሽ፣ ፈጣን ነሽ» ብለዋት ነበር።

ቅጠሎቹን እስከ መጨረሻው ገለጠች። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ጠብታው ከጣሪያው ጠርዝ አንድ በአንድ ይሰማ ጀመር።

«ቢሮ ሄጄ ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ይህን ወገን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

መሪጌታ በበሩ በኩል መለኪያውን ይመለከቱ ነበር። «ወረቀቱ ሰፊ ነው» አሉ። ቆይተውም፣ «ድምሩ ግን ልክ ነው። አንዲት ጠብታ አልጎደለም» አሉ።

እትዬ እማዋይሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። «አሁን ይህን ስትነግሪያቸው ዕቃውን ይነቅሉታል?» አሉ። የዝናቡ ነገር አላሳሰባቸውም። በሽቦ አጥሩ ውስጥ ጥግ ይዘው የተከሏት ጌሾ አለች፤ መንግሥት ያጠረው አጥር ስለሆነ የጎረቤት ጥጃ አይደፍረውም። ፀደንያ አላውቅም አለች። እትዬ እማዋይሽ ጌሾዋን በዓይናቸው ተሰናብተው ተመለሱ።

በአምስት ሰዓት ወጣች። ከጉንድ ሜዳ እስከ አስፋልቱ በደረቅ ወር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ በሐምሌ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የዶክተር አምለሰት ጫማ በየርምጃው ከእግሯ እየወለቀ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ እየመዘዘች ሄደች። ከአስፋልቱ ላይ ገነነ የሚባል ባለ ባጃጅ አገኘች። እስከ ፍኖተ ሰላም አርባ ብር የነበረውን ሰማንያ አለ። ምክንያቱን ስትጠይቀው «ጭቃ ነዋ» አላት። መንገዱ ኮረኮንች ሳይሆን አስፋልት መሆኑን አስታወሰችው። «እኔ መቼ መንገዱን አልሁ፤ ጫማሽን ነው» አለና ጋዜጣ አንጥፎ አስገባት። ጋዜጣው የዛሬ ዓመት ነበር።

ከተማው ሲቃረብ ስልኳ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከቴዎፍሎስ አሥራ አንድ መልእክት ነበራት። የፈረስ ጋሪዎች ሸራ ለብሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ፈረሶቹ ግን አልለበሱም። ከገበያው ማዶ፣ ያምሮት የምትባል ሴት ፎቶ ኮፒ ከምታነሣበት ክፍል ገባች። ክፍሉ ሦስት ሜትር በሁለት ነው፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ አግዳሚ አለው። አንድ ገጽ ኮፒ አምስት ብር፣ ስልክ ማስሞላት አሥር ብር፣ «መቀመጥ በነፃ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስልኳን ሰካች። መብራት ስለ መኖሩ ያምሮት ለብቻዋ አመሰገነች።

ለቴዎፍሎስ ደውላ ነገረችው፤ የሰማውን መጀመሪያ አላመነም። «ቀልድ ነው አይደል?» አለ። «ቀልድ ነው በዪኝ።» ነገሩ ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከሰው መካከል የወጣ መሰለ። «ስሚኝ ፀዲ። ዳታ ኖይዝ አለው፤ ትንሽ ስሕተት አያጣም። ኖይዝ የሌለው ዳታ የታለ?»

«ኖይዝ አይደለም፤ ሚካኤል ነው።»

«ሚካኤልን የሚገመግመው ሪቪወር በምን ያውቀዋል? ፈረንጅ ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው የተጻፈው። እናንተ ቤት ሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ማን መጥቶ ይገልጣል?»

«እኔ ገልጬዋለሁ።»

«አየሽ፣ ካንቺ ሌላ ሰው አልገለጠውም። የኔም ስም አለበት እኮ፤ ሦስት ሳምንት ነው ያንን ግራፍ የሣልሁት። እሷ የጠየቀችሽ ምንድን ነው? ንኪው ነው ያለችሽ። ነክተሽዋል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«በቃ፣ ነካሁት ብለሽ ጻፊላት። ውሸት አለበት?»

አልነበረበትም። ፀደንያ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለዶክተር አምለሰት «ነካሁት» ብላ ጻፈች። በማያ ገጹ ላይ አራት ፊደል ሆነ። ያምሮት አንድ ገበሬ ያመጣውን የመሬት ደብተር ገጽ በገጽ ታነሣለች፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር ክፍሉ አረንጓዴ ይሆናል። ገበሬው አጠገቧ ቆሞ «ዳሩን እንዳትቆርጭብኝ፣ ወሰኑ ዳሩ ላይ ነው» ይላል። «አልቆርጥም አባባ» ትላለች ያምሮት፤ እርሱ ግን በየገጹ ይደግመዋል። ፀደንያ የጻፈችውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋችና ደወለች። ሰባት ሰዓት ከአርባ ነበር።

«ነካሽው?» አሉ ዶክተር አምለሰት። ሰላምታ አያበዙም።

«ነክቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ልላከው።»

«አይላኩት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዜሮውን፣ በዓላቱን፣ ደብዳቤውን፣ ሦስተኛውን ዓምድ። ስትናገር አላቋረጧትም። ስትጨርስ ወረቀት ሲገለጥ ሰማች።

«ሦስተኛው ዓምድ ፎቶው ላይ ለምን የለም?»

«እኔ ቆርጬው ነው። አልገባልኝ ሲል፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ቆረጥሁት።»

«እኔ ምን አምጪ ብዬሽ ነበር?»

«ቀንና መጠን።»

«ቀንና መጠን» ብለው ደገሙ። «እንግዲህ ሁለታችንም ነን። ደረቅ ቀን የለም ማለት ነው።»

«የለም።»

«ኮንፈረንሱም የለም። በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ ተመርቀሻል፤ በተማሪ ስም የምትገቢበት ሌላ ዙር አይኖርም። ይህን አውቀሽ ነው የደወልሽ?»

«አውቄ ነው።»

«ጥሩ። ሰማንያ አራቱንም ግልባጭ እንደገና አንሺ፤ እስከ ጠርዙ። ያልተለካውን ቀንና ማግስቱን እንደ አንድ ቀን ይዘን ከመጀመሪያው እንነሣለን። ለቴዎፍሎስ እኔ እነግረዋለሁ።» ከዚያም፣ ሊዘጉ ሲሉ ይመስል፣ «ዛሬ ስንት ዘነበ?» አሉ።

«አልተለካም።»

«አንቺ የት ነበርሽ በሦስት ሰዓት?»

«እዚያው ነበርሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያምሮት አሥር ብሯን ተቀበለችና፣ «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለቻት።

«አይ፣ ሥራ ነው» አለች ፀደንያ።

ጉንድ ሜዳ የደረሰችው አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ፣ ቆሞ፣ እንደገና ጀምሮ ነበር። መደቡን በጆንያ ጠርጋ፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን፣ ግልባጮቹን አንድ በአንድ እያነጠፈች ማንሣት ጀመረች። እትዬ እማዋይሽ ሳይጠየቁ መጥተው ማዶ ተቀመጡና፣ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል አራቱን ማዕዘን በጣቶቻቸው ያዙላት። ጣቶቻቸው በሁሉም ፎቶ ላይ ይታያሉ። መሪጌታ ከወንበራቸው ሆነው ይመለከታሉ፤ ስለ ጧቱ ቃል ማንም አላነሣም። በአራተኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ እትዬ እማዋይሽ አንዱን ቅጠል አስቁመው፣ «ይህ ያ ሚካኤል ነው፣ በረዶ የጎረቤታችንን በሬ የገደለበት?» አሉ። ፀደንያ አየች፤ ጁላይ አሥራ ዘጠኝ፣ ዜሮ ይላል። በማግስቱ ሰማንያ ስምንት ይላል።

«በሬውስ ተጽፏል?» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

«አልተጻፈም።»

«ዓምድ የለውማ» አሉ መሪጌታ።

የመጨረሻውን ቅጠል አንሥታ ጥቅሉን ወደ ላስቲኩ ስትመልስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቋት። «ምን አሉሽ መምህርሽ?»

«ዛሬ ስንት ዘነበ አሉኝ።»

«አንችስ ምን አልሽ?»

«አልተለካም አልኋቸው።»

መሪጌታ ወደ ደጁ አዩ። ሰማዩ ከቀን ይልቅ ዝቅ ብሏል፤ የቤተ ክርስቲያኑ የባሕር ዛፍ መስመር ጥቁር ሆኗል፤ ፀሐይ በዚያ ዕለት ባትታይም መግባቷ ይታወቅ ነበር። ተነሥተው ጋቢያቸውን አወለቁ። እትዬ እማዋይሽ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«መሽቷል» አሉ መሪጌታ፣ ለማንም ሳይሆን። «ፀሐይ ከገባች ቀኑ የነገ ነው።»

ጫማቸውን ፈለጉ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ረጥቦ እሳት ዳር ተቀምጧል። ፀደንያ የዶክተር አምለሰትን ቦት ጫማ አወለቀችና ከፊታቸው አኖረችው። ገላምጠው አዩት፤ አደረጉት፤ ልክ ሆናቸው። እርሷ በባዶ እግሯ ከኋላቸው ወጣች። መሪጌታ የአጥሩን በር ከፍተው፣ የመለኪያውን አፍ ነቅለው፣ ውስጥ የተጠራቀመውን ወደ መለኪያው ብርጭቆ ቀዱ። ብርጭቆው አሥር ሚሊሜትር ብቻ ስለሚይዝ ሞላ፤ ሣሩ ላይ ደፉት፤ እንደገና ሞላ፤ ሦስተኛም ሞላ። አራተኛው ከታች ጥቂት ብቻ ያዘ። ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከውሃው ጋር አስተካክለው፣ በስልኳ መብራት አነበቡ፤ ያነበቡትን ግን አልተናገሩም። ብርጭቆውን ሰጧት።

«አንች አንብቢው» አሉ።

ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ውሃው በብርጭቆው ጠርዝ ላይ ከፍ ብሎ መካከሉ ይጎደጉዳል፤ የሚነበበው ከጎድጓዳው በታች መሆኑን አንደኛ ዓመት ላይ ተምራለች። አነበበችና ነገረቻቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤት ገብተው ወረቀቱን አወጡ። ፀደንያ ዜሮውን ይሰርዙታል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልሰረዙትም። ካርቦኑን አስተካክለው፣ ዜሮው ባለበት ረድፍ ላይ፣ በሦስተኛው ዓምድ ውስጥ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ከመቼ እስከ መቼ የተጠራቀመ መሆኑን፣ መጠኑን፣ ያነበቡትን የሁለቱን ሰዎች ስም ጻፉ። ዓምዱ ጠባብ ስለነበረ የፀደንያ ስም የመጨረሻ ፊደል ወረቀቱ ዳር ላይ ደረሰ። ፀደንያ ስልኳን ከፍ አድርጋ ወረቀቱን ሙሉውን አነሣችው።

በጉንድ ሜዳ ሚካኤል፣ ከሐምሌ አሥራ አንድ ጧት ሦስት ሰዓት እስከ ሐምሌ አሥራ ሁለት ምሽት አንድ ሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ዘንቧል።